ሌላ መስከረም

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ልገላገል። ካምፓላ፣ ካንሳንጋ የሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን የስልክ ጥሪ በአንድ ቃል ላሳጣት ነበር። ቃሉን አላውቀውም ብዬ እንዳላመካኝ በደንብ አውቀው ነበር። እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ካምፓላ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ጄሪካንና ሳፋ መኪና ላይ ሲጫን እያየሁ የማስረከቢያ ወረቀት እጽፋለሁ። ከሥራ ስወጣ ካንሳንጋ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ማንም ሊያርመኝ አይችልም የሚል እምነት ነበረኝ። አንድ ነገር ላይ አልቆይም። በዚያ ዓመት ብቻ ጊታር ጀምሬ ትቻለሁ፣ ቼዝ ጀምሬ ትቻለሁ፣ ለአገሬው ቋንቋ ለሉጋንዳ ደብተር ገዝቼ ሦስት ገጽ ሞልቼ ወርውሬዋለሁ። ሰኔ ላይ ደግሞ ስፓኒሽ ጀመርኩ።

ለምን ስፓኒሽ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ለግጥም ነው» እል ነበር። እውነቱን ለማንም አልተነፈስኩም። ከማውቃቸው ልጆች ሁለት ሦስቱ ወደ ደቡብ አሜሪካ በረው ከዚያ በአውቶቡስና በእግር ወደ ሰሜን መጓዝ ጀምረው ነበር። እኔም በሐሳቤ ከሄድኩ ቆይቻለሁ። መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ መኪና ወጥቶ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር እግሬን ይበላኝ ነበር።

የመማሪያው መጽሐፍ ከሰላምታ ጀምር ይላል። እኔ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ወራቱ ሄድኩ፤ ድምፃቸው ማረከኝ። በደብተሬ ግራ በኩል ስፓኒሹን፣ በቀኝ በኩል አማርኛውን ጻፍኩ። ኤኔሮ፣ ጥር። ፌብሬሮ፣ የካቲት። ማርሶ፣ መጋቢት። በመሃላቸው እንግሊዝኛ እንዲገባ አልፈለግሁም፤ ጃንዋሪ ፌብሩዋሪ የሚል አበሻ ያስጠላኝ ነበር። ከወራቱ ወደ ወቅቶቹ ተሻገርኩ። ፕሪማቬራ፣ ቬራኖ፣ ኦቶኞ፣ ኢንቪየርኖ። ዝናብ በዓመት ሁለቴ መጥቶ በሚሄድበት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ አራት ወቅት በቃሌ እወጣ ነበር። ስፓኒሾች አሥራ አምስት ቀንን በአንድ ቃል «ኪንሴና» እንደሚሉት ያወቅሁ ዕለት ምሳ መብላት ረሳሁ። የወራቱ ገጽ አሥራ ሁለት መስመር ወጣው። እኛ አሥራ ሦስተኛ እንዳለችን፣ ጳጉሜ የምትባል ትንሽ ወር እንዳለችን፣ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ይህን ሁሉ የምዘራው ሰአዳ ሱቅ ነበር። ሰአዳ የደሴ ልጅ ናት፤ ወደ አርባው እየተጠጋች ነው። ካንሳንጋ መንገድ ዳር ሽሮና በርበሬ፣ ሻይ ቅጠልና ሳሙና የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በየዓመቱ ሰው ከአዲስ አበባ የሚያመጣላት የአገር ቤት የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል።

«ገጣሚው መጣ» ትላለች ገና ከበሩ ስታየኝ። «ዛሬ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታደክመን?»

«በስፓኒሽ፣ እትዬ ሰአዳ።»

«እስቲ ሰኔን በል።»

«ሁኒዮ።»

«ሐምሌንስ?»

«ሁሊዮ።»

«ወላሂ ትዋሻለህ! አንዱን ነው እኮ ሁለቴ የምትሸጥልኝ።»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ግን መወደዴን አውቅ ነበር። ማወቄ መታወቁ ያስደስተኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከሱቁ ወጥታ ጠራችኝ። አልቀለደችም። ወደ ውስጥ አስገባችኝና ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጆንያ ላይ አስቀመጠችኝ። ትልቁን ስልኳን ሰጠችኝ። አንድ ከማታውቀው ቁጥር የተላከ የወረቀት ፎቶ ነበር፤ በእጅ የተጻፈ፣ ተያያዥ፣ ያዘመመ ጽሑፍ።

«ጎረቤቴ በስልክ ሊያስተረጉመው ሞከረ። የእጅ ጽሑፉን አላነብም አለው» አለች። «ያንተ ቋንቋ ነው ብለውኛል። ግን እዚች ጋ እየው።»

ጣቷ ያረፈበት ቦታ «ኑሩ» የሚል ስም አየሁ።

ኑሩ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነበር። አብሯት ሱቁ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተጣሉ፤ በተጣሉ ማግስት ሻንጣውን ይዞ ጠፋ። ከብራዚል አንዴ ለጓደኛው ደወለ ተባለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ሰአዳ ስለ እሱ ከሰው ጋር አታወራም። ስሙ ሲነሳ ዕቃ ማስተካከል ትጀምራለች።

ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ከአምስት ቃል ሦስቱን አውቃለሁ፤ ሁለቱን እገምታለሁ። የጻፈችው ኮሎምቢያ ውስጥ የስደተኞች መጠለያ የምትመራ መነኩሲት ናት። ኑሩ ደህና ነው። ታሞ ነበር፤ ድኗል። አሁን ያለው ወንዝ ዳር በሚገኝ ሌላ መጠለያ ነው፤ እዚያ ኔትዎርክ የለም፤ እሱም ስልክ የለውም። ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውቶቡስ ለመሳፈር ወደ መነኩሲቷ ከተማ ይመጣል። በዚያ ቀን፣ ከመሳፈሩ በፊት፣ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ ከቢሯቸው ወደዚህ ቁጥር በዋትስአፕ ይደውላል።

ሰአዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ደህና ነው ይላል?»

«ደህና ነው ይላል።»

«አንተ ጨምረህ አይደለም?»

«እትዬ ሰአዳ!»

«እሺ እሺ። ቀኑስ? መቼ ነው የሚደውለው?»

ቀኑን ወዲያው አልነገርኳትም፤ ሰዓቱ ላይ ተጠመድኩ። እነሱ ጋ ጠዋት ሲሆን እኛ ጋ ምን ይሆናል? ወረቀት አስመጥቼ ስደምር ስቀንስ ቆየሁ። ስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት። ሁለቴ አረጋገጥኩ። ከባዱን ነገር የጨረስኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁና፣ «ሲየቴ ደ ሴፕቲየምብሬ!» አልኩ። ድምፁ ራሱ ግጥም ነበር። «መስከረም ሰባት፣ አሥር ሰዓት ላይ።»

ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ጣቷን ነሐሴ ላይ አስቀምጣ፣ ጳጉሜን አልፋ፣ አዲሱን ዓመት አልፋ፣ መስከረም ሰባት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበች።

«ብሩኬ፣ አትቀየመኝና» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አንዴ ቢያየው ምን ይመስልሃል?»

ተቀየምኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ካላመንሽኝ ለምን ጠራሽኝ?»

«አምኜሃለሁ፤ አብሽር» አለች።

በዚያው ስልክ ለመነኩሲቷ መልስ ጻፍኩ። «እናመሰግናለን። ሲየቴ ደ ሴፕቲየምብሬ። እንጠብቃለን።» ሴትዮዋም «ሲ» ብላ መለሰች። ሁለታችንም ተስማማን። በሁለታችን መካከል የቆመችው ሰአዳ ግን ሌላ ቀን ይዛ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስታውሳቸው ያመኛል፤ ደስ የሚሉ ቀናት ነበሩና። ሰአዳ ለመስከረም ሰባት ተዘጋጀች። የምትለውን ታጠናለች። ደንበኛ ከሌለ እኔን ኑሩ አድርጋ ትለማመድብኛለች።

«‹ያን ቀን ያልኩህን በቁጣ ነው ያልኩህ› ልበል ወይስ ‹ሰይጣን ነው› ልበል?»

«የመጀመሪያው ይሻላል።»

«ምን አልሽው ብለህ አትጠይቀኝም እንዴ?»

«ምን አልሽው?»

«‹ዓይንህን አያሳየኝ› አልኩት» አለች። ወዲያው የሳሙናውን ካርቶን ማስተካከል ጀመረች። «ቃሉን ሰምቶ ሄደ። አላሳየኝም።»

ጳጉሜ ገባች። መጋዘኑ ውስጥ ግን ጳጉሜ የለችም። እዚያ ያለው ሴፕቴምበር ነው። ቀኑን ሙሉ በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ቀን እጽፋለሁ፤ ሰባት፣ ጭረት፣ ዘጠኝ። ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሠላሳ ያህል ጊዜ ሳልጽፈው አልቀርም። እጄ ይጽፋል፤ ዓይኔ ያያል፤ እኔ የለሁም።

ካቶ የሚባል ኡጋንዳዊ ባልደረባ አለኝ፤ ዕቃ የሚያስጭነው እሱ ነው፤ የአራት ልጆች አባት፣ ጨዋታ የሚወድ። መኪና እስኪመጣ ጄሪካን ገልብጦ ተቀምጦ ነበር።

«ብሩክ፣ ያ ቋንቋህ ሞተ ወይስ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ዛሬን በሱ ቋንቋ ንገረኝ።»

ወረቀቱን አየሁ። «ሲየቴ ደ ሴፕቲየምብሬ» አልኩ፣ እንደ ለመድኩት ድምፄን አሳምሬ።

አፌ ሳይዘጋ ነው የገባኝ። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ካቶ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ተነሣ።

«ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት።

ወደ ሰአዳ ትንሿ ስልክ ደወልኩ። ያቺ ለጥሪ ብቻ የምትይዛት ባለ ቁልፏ ናት። ወዲያው አነሣችው።

«ሄሎ ገጣሚው!»

«እትዬ ሰአዳ፣ ትልቁ ስልክ የት ነው?»

«ከተማ። ስልክ ጠጋኙ ሮናልድ ጋ። ቻርጀር የሚገባበት ላልቶ አስቸገረኝ፤ ለመስከረም ሰባት እንዳያዋርደኝ ብዬ ዛሬ ጠዋት ሰጠሁት። ከነሲሙ ነው፤ ማታ እወስደዋለሁ። ብልህ አይደለሁም?»

«ዛሬ ነው።»

«ምኑ?»

«ጥሪው። ዛሬ አሥር ሰዓት ነው።»



«መስከረም ሰባት አላልከኝም?»

«በፈረንጅ ማለቴ ነበር።»

«በፈረንጅ አላልክም» አለች። አልጮኸችም። «ብሩክ፣ በፈረንጅ አላልክም።»

ሮናልድ የሚሠራበትን ሕንፃ ስም፣ የት እንዳለና ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ነገረችኝ። እሷ ከካንሳንጋ፣ እኔ ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ፤ የቀረብኩት እኔ ነኝ። ለካቶ ወረቀቱን ሰጥቼው ሮጥኩ። «ለአለቃ ሆዱን አሞታል እላለሁ!» እያለ ከኋላዬ ሲጮኽ ይሰማኛል።

ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ሩብ መንገድ እንደሄድን ሰማዩ ተቀደደ። ካምፓላን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ቦዳዎቹ ሁሉ ነዳጅ ማደያው ጣራ ሥር ይሰለፋሉ። የእኔም ነጂ ታጥፎ ገባ።

«ሴቦ፣ እባክህ ሂድ!» አልኩት፣ ጌታዬ ማለቴ ነው በነሱ ቋንቋ።

«ጎማው ይንሸራተታል። እኔም እናት አለኝ» አለኝና እጁን አጣምሮ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

ወረድኩና በእግሬ ሮጥኩ። ውሃው ጫማዬን ሞልቶታል። መኪናዎቹ ቆመዋል፤ እኔ በመካከላቸው እየተሽለኮለኩ አልፋለሁ። በየደቂቃው ሰዓት አያለሁ። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ምን ነበር መሰላችሁ? ግጥም አልነበረም። ኑሩ የሚባል መልኩን በፎቶ ብቻ የማውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲቆም ነው የሚታየኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። የሮናልድ መስኮት ተቆልፏል።

«ሮሌክስ ሊበላ ወርዷል» አለችኝ ጎን ያለችው የስልክ ሽፋን ሻጭ። ቻፓቲ በእንቁላል የሚጠቀልሉበትን ቦታ ጠይቄ ወረድኩ። አጣሁት። ተመልሼ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከአምስት ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ሰዎች ገለል ይሉልኛል።

ሮናልድ እጁን በጋዜጣ እየጠረገ መጣ። ነገሩን ግማሽ ስነግረው ከፈተ። የሰአዳ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተዘርግፎ ተኝቷል። ሲሙ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ነበር። አንሥቶ የእኔ ስልክ ውስጥ ከተተው። በእሷ ቁጥር ዋትስአፕ ለመክፈት የማረጋገጫ ኮድ እስኪመጣ ጠበቅን። አልመጣም። እንደገና ጠየቅን።

በዚህ መሃል ሰአዳ ደረሰች። ሻሿ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። ሮናልድ ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

ኮዱ ገባ። አሥር ሰዓት ከሃያ አንድ ነበር።

ዋትስአፑ እንደተከፈተ ከመነኩሲቷ ቁጥር አንድ የድምፅ መልእክት ወረደ። ሰአዳ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ ድምፁ ግን ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«እታለም… እኔ ነኝ፤ ኑሩ። ሦስቴ ሞከርን፤ አይሄድም። ዘግተሽው ከሆነ… እሺ፤ ይገባኛል። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ። ወላሂ አልተቀየምኩም። ደህና ነኝ። ለእናታችን ደህና ነው በያት። አውቶቡሱ እየጠራን ነው።»

ሁለቴ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዘጋችብኝ ብሎ ሄደ» አለች።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሣችብኝ።

«ይቅርታህን አቆየው። ጻፍላት።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን። ስምህን ጨምረህ።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የስልኩን መተርጎሚያ ከፈትኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ ሌብነት ነበር የማየው። በአማርኛ ጻፍኩ፤ እሱ ገለበጠው። «ስልኩን እህቱ አልዘጋችውም። ጥፋቱ የእኔ የብሩክ ነው። ቀኑን የነገርኳት በእኛ አቆጣጠር መስከረም ብዬ ነው። ስልኩ ጥገና ላይ ነበር። እባክዎ ይህን ለኑሩ ይንገሩት።»

መልሱ ቶሎ መጣ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷታል። «ሌላ መስከረም አለ እንዴ?» ትላለች።

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ። «የእኛው ገና አልገባም። አሥር ቀን ይዘገያል።»

ከዚያ ጻፈች። አውቶቡሱ ሄዷል፤ ሹፌሩን ግን ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ስልክ አያነሣም። እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ሲቆም ትደውልለታለች፤ ቁጥራችንንም ትሰጠዋለች። ከዚያ ያለው የእግዚአብሔር ነው።

የነሱ እኩለ ቀን የእኛ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ሂሳብ በድጋሚ ሠራሁ፤ ለሰአዳ ሰጠኋት፤ እሷ ለሮናልድ ሰጠችው፤ ሮናልድ በጣቱ ቆጥሮ «ልክ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ያመነችው።

ካንሳንጋ ተመልሰን ሱቋ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። የእኔ ስልክ የእሷን ሲም ይዞ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። ደንበኛ ይገባል፤ ሽሮ ይጠይቃል፤ ትመዝናለች፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። በር ላይ እወጣለሁ፤ እገባለሁ።

«ተቀመጥ እንጂ! ራሴን አዞርከው» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

«ለምን ነበር ግን ስፓኒሽ የምትማረው? እውነቱን።»

ቀና ብዬ አየኋት። መዋሸት የምችልበት ሰዓት አልነበረም። «ልሄድ ፈልጌ ነበር» አልኳት። «ኑሩ በሄደበት።»

የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ጠረገች። ቀጥላ፣ «እሱም እንደዚህ ነበር፤ ይወጣል፣ ይገባል» አለች። «እኔ ደግሞ ስንፍና መሰለኝ። መቀመጥ አቅቶት እንደሆነ አላወቅሁም። ከሱቁ ወጥቶ ሁለት ሰዓት መንገዱን ሲያይ ቆይቶ ተመለሰ፤ ያን ቀን ነው ያልኩትን ያልኩት።»

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ከአምስት። ሁለት ከአሥራ ሁለት ሲል ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሰአዳ አየችው እንጂ አልነካችውም። «አንሺው!» ብዬ ጮኽኩ።

አነሣችው። የተለማመደችብኝን ዓረፍተ ነገር ጠበቅሁ።

«በላህ?» አለች።

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቅ ወደ ሌላ ነገር የሚሄድ ሳቅ።

«እየበላሁ ነው እታለም። ሩዝ ነው፤ ሁልጊዜ ሩዝ ነው። መነኩሲቷ ለሹፌሩ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ምንም አልገባውም፤ ‹እህትህ ሌላ መስከረም አላት› አለኝ።»

«አልዘጋሁትም ኑርዬ። ወላሂ አልዘጋሁትም። መስከረም ሰባት ብሎኝ ነው፤ እኔ በኛ ቆጠርኩት።»

«በኛ! ዛሬ እኮ…» ቆጠረ። «ዛሬ ጳጉሜ ሁለት ነው? ያረቢ፣ ጳጉሜ የምትባል መኖሯን ረስቻታለሁ!» አሁን በደንብ ሳቀ። ሰአዳም ሳቀች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ያን ቀን ያልኩህ…» አለች።

«ተይው።»

«አልተወውም። ዓይንህን ማየት እፈልጋለሁ። ሰማኸኝ? ማየት እፈልጋለሁ ነው የምልህ።»

መልሱን አልሰማሁም፤ ወደ በሩ ፊቴን አዙሬ ነበር። ቀጥሎ የሰማሁት ሰአዳ ስትጠራኝ ነው፤ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ላናግረው ይላል።»

«አስተርጓሚው አንተ ነህ?» አለኝ ኑሩ። ድምፁ ከፎቶው ይልቅ ያረጀ ነበር።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ወራቱን ሁሉ ታውቃለህ አሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ልትመጣ ነው እንዴ?»

ሰአዳ እያየችኝ ነው። «አላውቅም» አልኩት።

«እንዳትሰማ የስልኩን ድምፅ ቀንስ። እዚህ መንገድ ላይ ወር የሚጠይቅህ ሰው የለም። ከብራዚል ስንመጣ ጫካው ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየሁ እኔ ራሴ አላውቅም። ‹አጓ› በል መጀመሪያ። ውሃ ማለት ነው። ከኔ ጋር የገቡ ሁለት ልጆች እሱን ሲሉ ነው የቀሩት።» ጥሩምባ ተነፋ። «ሹፌሩ ነው። ስጣት እሷን።»

አራት ደቂቃ ነበር በጠቅላላው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ መንገዱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አልተውኩትም፤ ግን ከዚያ በኋላ መኪና ከመጋዘኑ ሲወጣ ሳይ የማስበው ሁለቱን ልጆች ነው። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ሰው ስለ መሄድ ሲያወራኝ አልመክርም፤ የሰማሁትን ብቻ እነግረዋለሁ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ድረስ ቃል የምወደው ከአፌ ሲወጣ ስለሚያምር ነበር። ሰአዳ ፊት ቆሜ «ሲየቴ ደ ሴፕቲየምብሬ» ስል እሷ የለችም፤ እኔና ድምፄ ነበርን። ቃሉ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው እንደሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ በገዛ ግድግዳው ላይ ፈልጎ እንደሚያገኘው አላሰብኩም። እናንተም ለሰው ቀን ስትነግሩ፣ አድራሻ ስትነግሩ፣ ወሬ ስትነግሩ፣ እሱ በምን እየቆጠረ እንደሆነ ጠይቁት። ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ጠይቁት።

ኑሩ አሁን አንድ ከተማ ውስጥ ዳቦ ቤት ይሠራል። ስፓኒሹ ከእኔ አሥር እጥፍ ይሻላል፤ የምጽፋቸውን እያየ ይስቅብኛል። የመኖሪያና የሥራ ወረቀት ሲሰጡት ደግሞ ለሰአዳ ፎቶውን ይልክላታል፤ በገዛ እጇ ካልያዘችው ስለማታምን በወረቀት ታሳትመዋለች። ወረቀቱ መጀመሪያ የሚሄደው ሙየንጋ፣ ኮረብታው ላይ የምትኖር ሄለን የምትባል አንዲት የድርጅት ሠራተኛ ጋ ነው። ስፓኒሽን ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች ናት። ሄለን ታነብላታለች። ከዚያ ሰአዳ ቦዳ ይዛ ወደ እኔ ትወርዳለች፤ ሄለን ያለቻትን አትነግረኝም፤ ወረቀቱን ብቻ ትሰጠኛለች። አነባለሁ። ቀን ካለበት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ እሰጣታለሁ። ከሄለን ጋር ከገጠመ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ «አብሽር» ትለኛለች።

ሁለተኛ አንባቢ ነኝ። ለምን መጀመሪያ እኔ ጋ አልመጣሽም ብዬ አልጠየቅኳትም።